የናሆም ሞባይል ምርጥ ሃያ

በሁለት ሺህ ሰባ ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚያንጎራጉሩት ዜማ ቢኖር የጣሪያ ቀለም ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ስታዲየም ውስጥ ጎል ሲገባ ደጋፊው ተቃቅፎ የሚዘፍነው እሱን ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅና ወላጅ ቆሞ የሚዘምረው እሱን ነው። አምና የእድሩ ዳኛ ሲቀበሩ ከመቃብሩ አፋፍ የቆመ አንድ ሐዘንተኛ ሳያስበው ቢጀምረው ቀባሪው ሁሉ ተቀበለው፤ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። ዘፈንማ ሞልቷል። ነገር ግን ዘፈን እንደ ጥርስ ብሩሽ ሆኗል፤ ሁሉም የየራሱን ነው የሚጠቀመው።

ጆሮ ውስጥ የምትቀመጠው ቅንጣት ያገኘችውን ዜማ ሁሉ በባለቤቷ ልክ ቆርጣ ትሰፋለች። ሰውየው ከከፋው ዘፋኙም አብሮት ይከፋዋል፤ ሰውየው ከቸኮለ ከበሮው ይቸኩላል፤ ፍቅረኛው ትዕግሥት ከሆነች ዘፋኙ ትዕግሥትን ይጣራል፣ የተጣሉ ዕለት ደግሞ ስሟ ከዘፈኑ ወጥቶ ያድራል። ወጣቶቹ «ድሮ አንድን ዘፈን ሁለት ሰው ይሰማው ነበር» ሲባሉ፣ አንድን ማስቲካ ሁለት ሰው ያላምጠው ነበር የተባሉ ይመስል ፊታቸው ይጨማደዳል።

ጋሽ ናሆም ይህን ሁሉ ችለው ኖረዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ከደከመ ስለቆየ ያለ ቅንጣቷ መብረቅ ቢወድቅም አይሰሙም፤ ስለዚህ አውጥተው ሊጥሏት አይችሉም። ባለቤታቸው እማማ ፌቨንም እንደዚያው ናቸው። በሃምሳ አምስት ዓመት ትዳር ውስጥ ያልተጣሉበት ነገር የለም፤ በጨው ተጣልተዋል፣ በአማች ተጣልተዋል፣ በመስኮት መክፈትና መዝጋት ተጣልተዋል። በዘፈን ግን ተጣልተው አያውቁም ነበር። የተጣሉት በጥር መጀመሪያ፣ ምሳ ላይ፣ ሽሮው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

ጋሽ ናሆም እጃቸውን ታጥበው «ሰፈራችሁ መብራት አለ ወይ»ን ማንጎራጎር ጀመሩ። ይህ ዘፈን ሁለቱን ያገናኘ ዘፈን ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ ናሆም ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ፣ ገመዱን ከጎረቤት ሱቅ ስቦ፣ እነ ፌቨን በር ላይ ያስጮኸው እሱን ነበር። ዘፈኑ ውስጥ አንድ ጎረምሳ በጨለማ ቆሞ ልጅቷን ይጠይቃል።

ሰፈራችሁ መብራት አለ ወይ፣ የኛ ጠፍቷል ዛሬም፤
አንቺ ካበራሽልኝ ሌላ አምፖል አልገዛም።

ጋሽ ናሆም እያንጎራጎሩ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ጎረምሳው ይጠብቃል፤ በሩ ሲጥ ይላል፤ ልጅቷ ሻማ ይዛ ትወጣለች።

«ምን አልክ?» አሉ እማማ ፌቨን ጉርሻቸውን እንደያዙ።

«ሻማ ይዛ ወጣች ነዋ።»

«መቼ ወጣች? መጋረጃውን ዘጋችበት እንጂ። ልጁም ዝናብ እየደበደበው ቤቱ ገባ።»

«የምን ዝናብ አመጣሽብኝ! ፌቪ፣ ያንቺ ሌላ ዘፈን ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰማሁትን! ሌላስ አንተ ነህ።»

ይሄኔ ተያዩ። ነገሩ የገባቸው ሁለቱም እኩል ነው። የጋሽ ናሆም ቅንጣት የደም ግፊታቸው እንዳይነሣ ልጅቷን ስታስወጣላቸው ኖራለች። የእማማ ፌቨን ቅንጣት ደግሞ ትንሽ ካላለቀሱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አጥንታ መጋረጃውን ስትዘጋባቸው ኖራለች። አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ስር፣ በአንድ ስም ሁለት ዘፈን ሲሰሙ መኖራቸው ነው። ጋሽ ናሆም ሆዳቸው ባባ። የኛ የሚሉት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበርና።

እማማ ፌቨን ግን ሆድ የሚብሳቸው ሰው አይደሉም። ውርርድ ይወዳሉ።

«እንግዲያው እውነተኛውን አምጣና አሰማኝ» አሉ። «ሻማ ይዛ ከወጣች በይርገዱ ሰርግ አዳራሹ መሐል ካንተ ጋር እጨፍራለሁ። እንደ ድሮው፣ በአንድ ዘፈን። መጋረጃውን ከዘጋች ግን ከኋላ ክፍል ያለውን ጉድህን አውጥተህ ትጥላለህ። ዶሮዎቼ ይገቡበታል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድ ቻርጀር አትቀርም።»

ይርገዱ የልጅ ልጃቸው ናት። የዘመኑ ወጣት ስሙን ከቅድመ አያቶቹ ሳጥን አውጥቶ መልበስ ስለሚወድ፣ የሃያ ስድስት ዓመቷ ልጅ ይርገዱ፣ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ናሆም ሲባሉ የሚገርመው የለም። ሰርጓ የጥር መጨረሻ እሑድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጉድ» የተባለው ደግሞ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ ስልክና ሚሞሪ ካርድ ነው። ጋሽ ናሆም በወጣትነታቸው ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት «ናሆም ሞባይል» የሚባል አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። በዚያ ዘመን ሰው የጥፍር ታህል ሚሞሪውን ይዞ ይመጣና «አዳዲሱን ሙላልኝ» ይላል፤ ናሆም ይሞላለታል። ከተማው በዚያ ሳምንት ምን እንደሚዘፍን የሚወስነው እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ እሱ ራሱማ እንደዚያ ነበር የሚያወራው። ሱቁ ሲዘጋ ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ቤቱ አስገባ። ከዚያ ወዲህ እማማ ፌቨን በየዓመቱ «ይጣል» ይላሉ፤ ጋሽ ናሆም በየዓመቱ ታመው ይተኛሉ። የሚወዱት የቀድሞ ማንነታቸው እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ስላለ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

በማግሥቱ ወደ መናፈሻው ሄደው ጋሽ ዮኒን አገኙ። ጋሽ ዮኒ የዛሬ ስድሳ ዓመት ከመንገዱ ማዶ «ዮኒ ሞባይል»ን ይመሩ የነበሩ ጠላታቸው ናቸው። ሰባት ዓመት ደንበኛ ሲነጣጠቁ፣ አንዱ የሌላውን ስም ሲያጠፋ፣ አንዴም በወንበር ሲፈላለጡ ኖረው፣ ያንን ዘመን የሚያስታውሰው ሰው ሁሉ እያለቀ ሲሄድ ያለ ምርጫ ወዳጅ ሆነዋል።

«አንድ ዘፈን ብቻ ይዤ አልቀርብም» አሉ ጋሽ ናሆም። «ሙላልኝ የተባለ ሰው አንድ ዘፈን ጭኖ ቢሰጥ ነውር ነው። የሁለት ሺህ አሥሮቹን ምርጥ ሃያ ነው የማወጣው። ሂት የነበሩትን ብቻ።»

«ሂት መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«መስቀለኛው ላይ ሦስት ባጃጅ ቆሞ ሦስቱም ያንኑ ዘፈን የሚያስጮኹ ከሆነ ነዋ።»

ጋሽ ዮኒ አልተዋጠላቸውም። «ሂት ማለትማ» አሉ፣ «ወደኸው፣ ሰምተኸው፣ ሰምተኸው፣ በመጨረሻ ዘፋኙን መንገድ ላይ ብታገኘው በጥፊ ማለት ሲያምርህ ነው።»

በዚህ በዚህ ተሟግተው እስከ ምሳ ሰዓት ሃያውን አወጡ። «ሃምሳ ብር ካርድ» ያለ ክርክር ገባች። «ብሎክ አድርጋኝ ሰላም አለችኝ» ገባች። «ወረፋው ረዝሟል» ገባች፤ ለዳቦም ለነዳጅም ለፍቅርም ስለሚሆን ስድስት ወር ሙሉ ከአፍ አልወጣም ነበር። ጋሽ ዮኒ «የአክስቴ ልጅ ጓደኛ»ን ሊያስገቡ ቢሞክሩ ጋሽ ናሆም አሻፈረኝ አሉ፤ እሷን የሚያስጭኑት ከሞጆ የሚመጡ ብቻ ነበሩ ብለው። ከዚያ «እስቲ ‹ሃምሳ ብር ካርድ›ን አንድ ጊዜ እንበላት» ተባባሉና ጀመሩ። ጋሽ ናሆም ትከሻቸውን እያርገፈገፉ፣ ጋሽ ዮኒ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ለቅሶ ቤት እየጎተቱ። አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት እናት ልጇን አንሥታ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች።

«ለካ እኛም ተሰፍተናል» አሉ ጋሽ ዮኒ።

የቀረው ማዳበሪያው ነው። ጋሽ ናሆም አራት ቀን ሙሉ ከአቧራ ጋር ሲታገሉ ከርመው አንዲት ሕይወት ያላት ስልክ አገኙ። ባትሪዋ አብጦ ስለነበር ከጎረቤት የጣሪያ ፀሐይ ላይ ሽቦ ሳቡላት። ሚሞሪ ከተቱባት። «ሃምሳ ብር ካርድ»ን ነኩ።

መጀመሪያ የመጣው ዘፈኑ አልነበረም። አንድ ጎረምሳ፣ ልክ እሳት የተነሣ ያህል፣ «ናሆም ሞባይል! ፖስታ ቤት ፊት ለፊት!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ናሆም ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ገባቸው። የጮኸው ራሳቸው ናቸው። ያኔ ዘፈን የሚጭን ሁሉ ሌላው እንዳይሰርቀው በየዘፈኑ አናት ላይ የሱቁን ስም በራሱ ድምፅ ያትምበት ነበር። ረስተውታል።

ከጩኸቱ በኋላ የመጣው ነው ግን ያስቀመጣቸው። ዘፈኑ በልካቸው አልነበረም። ከበሮው በዝቷል፣ ዘፋኙ ከፍ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ኪቦርዱ የአሻንጉሊት ይመስላል። ማንም ናሆም ብሎ አይጠራቸውም። የልብ ምታቸውን አይጠብቅም። ዘፈኑ እሳቸውን ጨርሶ አያውቃቸውም፤ በራሱ መንገድ እየዘለለ ይሄዳል፣ የፈለገ ይከተለው። ጋሽ ናሆም ማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ደስታ ነው። ከዚህ በፊት ያለቀሱት አማታቸው የሞቱ ጊዜ ነበር፤ ያም ለይሉኝታ ነው።

ቅንጣቷ ለምን እንዳለፈችው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማስታወቂያን መስፋት በአዋጅ ክልክል ነው፤ ያው ሳሙና ለአንዱ ሳሙና፣ ለሌላው ቅቤ ሆኖ እንዳይሰማ። ቅንጣቷም አንድ ድምፅ በሱቅ ስምና በአድራሻ ከጀመረ ማስታወቂያ ነው ብላ እጇን ሰብስባ እስከ መጨረሻው ታሳልፈዋለች። ጋሽ ናሆም በስስት የለጠፉት ጩኸት ጨው ሥጋን እንደሚጠብቅ ዘፈኖቹን ለስድሳ ዓመት ጠብቋቸዋል።

ከሃያው አሥራ ዘጠኙ እንዲህ ተገኙ። «ሰፈራችሁ መብራት አለ ወይ» ግን አናቱ ላይ ምንም ጩኸት የለውም። ቢከፍቱት ቅንጣቷ ተቀብላ ቆራርጣ ያችን የለመዷትን ሻማ አስይዛ አስወጣችላቸው።

ጋሽ ናሆም አልገረማቸውም። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ በሰርግም በክርስትናም ሲፎክሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። «በሕይወቴ ድምፄን ያላስገባሁበት ዘፈን እሱ ብቻ ነው። ለፌቨን ብዬ ንጹሑን አስቀመጥኩት» ይላሉ። እማማ ፌቨንም ሲባል ሲሰሙ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ይወዱታል።

«አናቱ ላይ አሁን ብጮኽበትስ?» አሉ ለጋሽ ዮኒ። ጮኹበት። ቅንጣቷ አልተታለለችም። የድሮውን ማስታወቂያ ሳትጠይቅ ብታሳልፍም፣ አዲስ ድምፅ ስትሰማ የምዝገባ ቁጥር ትፈልጋለች። ቁጥር ደግሞ የሚሰጠው ለሚሠራ ድርጅት ነው። ሰርጉ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ናሆም ክራባት አስረው ናሆም ሞባይልን ዳግም ሊከፍቱ ማስታወቂያ ወደሚመዘግበው ድምፅ ልኬት ጽሕፈት ቤት ሄዱ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሸዋረገድ የምትባል ቀጠን ያለች ወጣት ናት።

«ድርጅቱ ምን ይሠራል፣ አባባ?»

«ስክሪን እንቀይራለን።»

«ስክሪን ማለት?»

«የስልክ ፊት መስታወት። ሲወድቅ የሚሰነጠቀው።»

ልጅቷ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች። «የሚሰነጠቅ ከሆነ ለምን በመስታወት ሠሩት?»

«እኛ እንድንቀይረው ነዋ፣ ልጄ።»

ይህ ለሸዋረገድ አጥጋቢ መልስ ሆኖ አገኘችው። ቀጠለች። «የማስታወቂያው ርዝመት?»

«አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።»

«አራት ደቂቃ?»

«ዕቃው ብዙ ነው።»

«አባባ፣ ማስታወቂያ እውነት መሆን አለበት። ነገ ሰው የተሰነጠቀ ስክሪን ይዞ ቢመጣ ይቀይሩለታል?»

ጋሽ ናሆም ደረታቸውን ነፉ። «ይምጣ ብቻ! ሦስት ማዳበሪያ አለኝ።»

ቁጥሩን ሰጠቻቸው። ሥራ የሚጀምረው ግን እሑድ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ ቅንጣት ሁሉ እንደ ዘፈን ነው የምታየው ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ሰርጉም እሑድ ነው። ጋሽ ዮኒ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሳትሰማው ሦስት መቶ ሰው ፊት ልታስከፍተው ነው? መጨረሻው ላይ መጋረጃው ቢዘጋስ? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!»

«ወጥታለች» አሉ ጋሽ ናሆም። «ፌቨንም ያኔ ወጥታለች። ዘፈኑን ሰምታ ነው የወጣችው፤ እኔ ቆሜ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ዮኒ «ያ መጨረሻው ግን…» ብለው ጀመሩና ወሬውን ወደ ሰርጉ ምሳ አዞሩት። ጋሽ ናሆም አላስተዋሉም።

እሑድ ደረሰ። የዘመኑን ሰርግ ላላየ ሰው፣ አዳራሹ ዓሣ ማርቢያ ይመስላል። ሦስት መቶ ሰው ይጨፍራል፣ የሚሰማው ግን የጫማ ኮቴና የሹካ ድምፅ ነው። አንዱ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል፣ አጠገቡ ያለችው ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች፣ አንድ የሙሽራው አጎት ብቻቸውን ይዘላሉ። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ ይርገዱ ቀስ እያለች፣ ባሏ እየፈጠነ፣ ክንዷ ሊነቀል ደረሰ። ማንም ከማንም ጋር ስለማይገጥም ማንም አይሳሳትም።

ይርገዱ ለአያቷ ፈቅዳላቸዋለች። «ማስታወቂያ መልቀቅ ነው የሚፈልገው፤ ምን ችግር አለው?» ነው ያለችው። ጋሽ ናሆም ምሳ እንደተነሣ ስልካቸውን ከአዳራሹ ማጉያ ጋር አገናኙ። «ናሆም ሞባይል! ፖስታ ቤት ፊት ለፊት!»

ሦስት መቶ ሰው ቀጥ አለ።

ማስታወቂያ ሲመጣ መቆም ልማድ ነው። ጩኸቱን ተከትሎ «ሃምሳ ብር ካርድ» ሲገባ ግን ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። «ይሄ የማን ነው?» አለች አንዲት ሚዜ፤ «አንተም ይሰማሃል?» «ይሰማኛል። አንቺም?» ሁለቱም ትንሽ አፈሩ። አንድ ልጅ ፈርቶ አለቀሰ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሽማግሌዎቹ ከየወንበራቸው መነሣት ጀመሩ፤ ጉልበታቸው ረስቶት የነበረውን ትከሻቸው አልረሳውም። አምስተኛው ላይ ወጣቶቹ ማጨብጨብ ተማሩ። መጀመሪያ አካባቢ ጭብጨባው እንደ በረዶ ይበታተን ነበር፤ አሥረኛው ላይ አንድ ሆነ። የሦስት መቶ ሰው እጅ ባንዴ ሲገጥም የሰሙ ጊዜ ወጣቶቹ ራሳቸው ደንግጠው ሳቁ። የሙሽራው አጎት ከዘለሉበት ሲወርዱ ሌሎች አርባ ሰዎች አብረዋቸው ወረዱ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

እማማ ፌቨን ብቻ አልተነሡም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሃያኛውን ይጠብቃሉ።

ጋሽ ናሆም ሃያኛውን ነኩ። አዲሱ፣ የሰማንያ ዓመቱ ድምፃቸው የምዝገባ ቁጥሩን አነበበ። ከዚያ ገባ። ሰፈራችሁ መብራት አለ ወይ፣ የኛ ጠፍቷል ዛሬም። እማማ ፌቨን ፊታቸው ተለወጠ፤ ሃምሳ ዓመት ሲሰሙት የኖሩት ይህን አይደለም፣ ጋሽ ናሆምም የሚያውቁት ይህን አይደለም። ፈጠን ያለ፣ የሚያሳፍር፣ የልጅ ዘፈን ነው። ሁለቱም እንዳዲስ ነበር የሰሙት፣ ሁለቱም እኩል። ጋሽ ናሆም ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ሚስታቸውን እያዩ መሸነፍም ማሸነፍም ትዝ አላላቸውም።

የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ጎረምሳው በጨለማ ቆሟል። ከበሮው ዝም አለ። በሩ ሲጥ አለ። ዘፋኙ ትንፋሹን ሳበ።

«ናሆም ሞባይል! ናሆም ሞባይል! ሚሞሪ እንጭናለን! ስክሪን እንቀይራለን! ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኦርጅናል ባትሪ! ማሳሰቢያ፦ ፊት ለፊታችን ያለው ዮኒ ሞባይል ቅርንጫፋችን አይደለም!»

ዘፈኑ አለቀ።

አዳራሹ ውስጥ ሹካ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ናሆም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ወደዱ። አሁን ሁሉም ትዝ አላቸው። ዮኒ ያኔ የዘፈኑን አናት እየቆረጠ፣ የናሆምን ስም እየጣለ ይሰርቅ ነበር። እሳቸውም ከሁሉ በሚወዱት ዘፈን ላይ ጩኸቱን የማይቆረጥበት ቦታ፣ ልቡ ላይ፣ መጨረሻው ላይ ቸነከሩት። በዚያው ሳምንት ለፌቨን በር ላይ አስጮኹላት። ንጹሕ የሚሉትን ነገር ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ፈጥረው ራሳቸው አመኑት።

«ለፌቨን ብዬ» አሉ እማማ ፌቨን ከተቀመጡበት፣ ሁሉም እንዲሰማ፤ «ንጹሑን አስቀመጥኩት።»

አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዱ «ታዲያ ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ወጣች» አለ፤ ሦስተኛው «ኧረ አልወጣችም» አለ፤ ዘፈኑን ከአምስት ደቂቃ በፊት ሰምተውት የማያውቁ ልጆች ተከፋፍለው ይሟገቱ ጀመር። ሁሉም ወደ ጋሽ ዮኒ ዞሩ። «የእርስዎ ኮፒ የለም? እሱ ይንገረን!»

ጋሽ ዮኒ ከጠረጴዛቸው ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። «አለኝ» አሉ። «ግን ከሱ ነው የሰረቅኩት። የሱን ጩኸት መቁረጥ ሲያቅተኝ የኔን ጩኸት ላዩ ላይ ደረብኩበት።»

እማማ ፌቨን ቦርሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ባላቸው ፊት መጥተው ቆሙ፣ ጋሽ ናሆምም እንደ ተያዘ ሌባ አንገታቸውን ደፉ።

«ፌቪ፣ ይቅርታ። ማዳበሪያውን ነገ አወጣዋለሁ።»

«ዝም በል። አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ያኔ የወጣሁት ዘፈኑን ወድጄ ይመስልሃል?»

«ታዲያ?»

«እናቴ ራሷን አሟት ተኝታ ነበር። ይህንን ጩኸት አጥፋ ልልህ ነው የወጣሁት። ድንጋይም ይዤ ነበር።»

ጋሽ ናሆም ቀና አሉ። «ድንጋይ?»

«ድንጋይ። አፌን ልከፍት ስል መብራት ጠፋ፤ የሰፈሩ ሁሉ። ሙዚቃህም ጠፋ። አንተ ጨለማ ውስጥ ብቻህን ቀርተህ፣ ምን ትል ጀመር መሰለህ? አፍረህ፣ ድምፅህ እየተንቀጠቀጠ፣ የቀረውን በአፍህ ትዘፍነው ጀመር። ድምፅ ደግሞ የለህም። ድንጋዩን ያኔ ነው የጣልኩት። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስትፎክር አንድም ቀን እሱን አልተናገርክም። ረስተኸዋል።»

ጋሽ ናሆም በእርግጥ ረስተውታል። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አላፈሩም። «መጨረሻውን ምን ብዬ ዘፈንኩት?» አሉ።

«እሱን አልነግርህም» አሉ እማማ ፌቨን እጃቸውን እየዘረጉ። «የኔ ነው። በል አስደግመውና እንጨፍር።»

አስደገሙት። ሦስት መቶ ሰው በአንድ እግር ረገጠ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ከበሮው ዝም ሲል፣ በሩ ሲጥ ሲል፣ ማስታወቂያን በአንድ ድምፅ መዘመር ከሕፃንነቱ የለመደው ሕዝብ ሳይነገረው ተቀበለው። «ስክሪን እንቀይራለን! ቻርጀር! ከቨር! ኦርጅናል ባትሪ!» ይርገዱና ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ዘለሉ። እማማ ፌቨን የባላቸውን እጅ ጨብጠው ከሁሉም በላይ ይጮኹ ነበር፤ ማሳሰቢያው ላይ ሲደርሱ ደግሞ በነጻው እጃቸው ጋሽ ዮኒን እየጠቆሙ።